አምሳያ ማሽን፦ የትናንቱ ፕሮግራም በዛሬው ኮምፒውተር

ቱርቦ ፓስካልን በዊንዶውስ 11 ላይ ለመክፈት የሚሞክር ሰው ወዲያው ይከለከላል፤ ይህ ፕሮግራም በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም የሚል መልእክት ይመጣለታል። ፋይሉ ግን ቦርላንድ ኩባንያ ለገበያ ባቀረበበት ዘመን እንደነበረው ነው። አንደርስ ሄልስበርግ የጻፈው ይህ የፓስካል ቋንቋ ኮምፓይለር (ማጠናቀሪያ) እ.ኤ.አ. በ1983 በ49.95 ዶላር ሲሸጥ ብዙ ሰዎችን ፕሮግራም መጻፍ አስተምሯል። ዛሬ የጠፋው ሲሠራበት የነበረው ማሽን ነው።

ያንን የጠፋ ማሽን በሶፍትዌር መልሶ የሚያቆመው መሣሪያ በባለሙያዎች አፍ ኢሙሌተር ይባላል። በአማርኛ «አምሳያ ማሽን» ቢባል ይስማማዋል።

ኢሙሌተር የሚለው ስያሜ በኮምፒውተር ዓለም የተለመደው በአይቢኤም በኩል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም/360 የተባሉትን ኮምፒውተሮች ሲያስተዋውቅ፣ ለቀድሞው 1401 ማሽን ፕሮግራም ያጻፉ ደንበኞች ሥራቸውን እንደገና ከዜሮ መጀመር አልፈለጉም። አዲሶቹ ማሽኖች የ1401ን ትእዛዛት ተቀብለው እንዲፈጽሙ የሚያስችል ዘዴ ተሠራላቸው። ለዚህ ተግባር ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው የአማርኛ ቃል «አስመሳይ» ነው፤ ሆኖም በዕለት ተዕለት ንግግር ልቡና አፉ የማይገጥምን ሰው ስለሚጠቁም ነቀፋ አለበት። «አምሳያ» ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነው። «ማሽን» የተጨመረበትም የሚመሰለው ፕሮግራሙ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ስለሆነ ነው።

እንደ ቱርቦ ፓስካል ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ስርዓተ ክወና ለዶስ የተጻፉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ባለ 16 ቢት ናቸው። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ እነዚህን የሚያስተናግድበት ክፍል ነበረው፤ ክፍሉ የተመሠረተው 80386 ከተባለው ፕሮሰሰር ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ራሱ 8086 የተባለውን የቀድሞ ፕሮሰሰር እየሆነ እንዲሠራ በሚያስችል ስልት ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሲሠራ ግን ይህ ስልት አይገኝም፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስም ክፍሉን አላካተተም። ዊንዶውስ 11 የሚወጣው በ64 ቢት ብቻ በመሆኑ በሩ በዚያ በኩል ተዘግቷል።

ዶስቦክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 መውጣት የጀመረው ይህ ነጻ አምሳያ ማሽን የድሮውን ፕሮሰሰር፣ የስክሪን ካርዱን፣ የድምፅ ካርዱንና ዶስን ራሱን በሶፍትዌር ይሠራቸዋል። ተጠቃሚው «ማውንት» በሚለው ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ አንድ ፎልደር መርጦ ሲ ድራይቭ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ የሚሰጣቸውን ትእዛዛት ዶስቦክስ እየተቀበለ ዛሬ ባለው ፕሮሰሰር ያስፈጽማቸዋል። ማክም ሆነ ሊኑክስ ላይ አሠራሩ ያው ነው።

አምሳያው ፍጥነትንም መምሰል አለበት። በቱርቦ ፓስካል 7 ተጽፈው «ሲአርቲ» የተባለውን ክፍል የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የማሽኑን ፍጥነት ይለካሉ፤ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ባዶ ዙር ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ቆጥረው ለ55 ያካፍላሉ። ውጤቱ ከ65,535 ካለፈ የተመደበለት ቦታ አይበቃውም። ፕሮሰሰሮች 200 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲደርሱ ለዓመታት ያለ እንከን የሠሩ ፕሮግራሞች ስህተት 200፣ በዜሮ ማካፈል፣ እያሉ ይቆሙ ጀመር። ዜሮ ግን የትም አልነበረም፤ ፕሮሰሰሩ ለሞልቶ መፍሰስም ለዜሮም የሚያሰማው አንድ ዓይነት ጩኸት ነው። ዶስቦክስ ላይ «ሳይክልስ» የተባለውን ቁጥር መቀነስ ማሽኑን ፕሮግራሙ ወደተጻፈበት ዘመን ፍጥነት ይመልሰዋል።

አምሳያ ማሽን ከዘመዶቹ ጋር መምታታት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዋይን የዊንዶውስ ፕሮግራም ለስርዓተ ክወናው የሚያቀርበውን ጥሪ ሊኑክስ ወደሚገባው ጥሪ ይለውጣል እንጂ ፕሮሰሰር አይመስልም፤ እሱን «የማስማሚያ ንብርብር» ማለት ይቻላል። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለው። ፍሪ ፓስካል የቱርቦ ፓስካልን አጻጻፍ የሚቀበልበት አማራጭ ስላለው፣ አብዛኛው የድሮ ኮድ በጥቂት እርማት ለአዲሱ ማሽን እንደገና ይጠናቀራል። ምንጩ ለጠፋበት ግን አምሳያው ማሽን አይተኬ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛም ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የጋራ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ኮድ ያስቀምጡ ነበር። በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የመጽሐፍ ረቂቅ በዛሬ መጻፊያ ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር መሣሪያ ቢገኝ እንኳ፣ የተቀየረው ጽሑፍ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ሲመሳከር ነው። ስለዚህ ሰነድ የሚያስቀምጡ ተቋማት ከፍሎፒው ፋይሉን ብቻ ገልብጠው ማቆም የለባቸውም፤ የተጻፈበትን ፕሮግራምና የፊደል ገበታውን አብረው ካስቀመጡ፣ ሰነዱን በአምሳያው ማሽን ከፍተው ጸሐፊው ባየው መልክ ሊያነቡት ይችላሉ።