የዳይት ምግብና ሙሉው ምግብ፦ የአቃቂ ቃሊቲ ማዕድ

የዳይት ምግብ የሚባለው፣ ቅባቱ ወይም ስኳሩ በከፊል ወይም ፈጽሞ ተነሥቶለት፣ ለበላተኛው የሚሰጠው ኃይል ከዋናው እንዲያንስ ሆኖ የተሰናዳ መብልና መጠጥ ነው። ሙሉው ምግብ በአንጻሩ ተፈጥሮ ወይም ልማደ ሀገር የሰጠውን ቅባትና ጣዕም እንደያዘ የሚቀርበው ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይህ ምርጫ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይልቅ በወተት መናጫው፣ በረከቦቱና በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ዘንድ ዕለት ዕለት ይፈጸማል። ፍርዱም የሚጸናው በተነሣው ነገር ስፍራ ምን እንደ ገባና ምን ያህል እንደ ተበላ በመመርመር ነው።

መለኪያው

አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር ግን 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ክብደቱን ለመቀነስ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን በቅባት ላይ ይጥላል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ጉባኤ፣ አንድ ጠጣር ምግብ «አነስተኛ ቅባት» ተብሎ እንዲሸጥ የሚፈቅደው በ100 ግራም ውስጥ ከ3 ግራም የማይበልጥ ቅባት ሲገኝበት ነው። ለፈሳሽ የተወሰነው ልክ በ100 ሚሊ ሊትር 1.5 ግራም ሲሆን፣ «ከስኳር ነጻ» ለመባል ደግሞ ስኳሩ በዚሁ መጠን ውስጥ ከግማሽ ግራም መብለጥ የለበትም።

ወተት፣ አሬራና አይብ

በአቃቂ ቃሊቲ መንደሮች ላም የሚያረቡ ቤተሰቦች ስላሉ፣ በላስቲክ ታሽጎ ከሚሸጠው ወተት ጎን ለጎን የቤት ወተት ለጎረቤት ይሸጣል። ባለላሟ እመቤት ያጠራቀመችውን እርጎ ንጣ ቅቤውን ካወጣች በኋላ አሬራው ይቀራል፤ አሬራው በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ አይቡ ይረጋና አጓቱ ይለያል። በዚህ ሥርዓት የተሠራ አይብ በ100 ግራም ውስጥ በአማካይ 2 ግራም ያህል ቅባት ብቻ ስለሚይዝ፣ ማንም ጽሑፍ ሳይለጥፍበት የኮዴክስን ልክ ያሟላል፤ በላዩ ንጥር ቅቤ የፈሰሰበት እንደ ሆነ ግን ያው ጥቅሙ በዚያው ይቀራል።

ቅባቱ ያልወጣ የላም ወተት በአንድ ብርጭቆ (250 ሚሊ ሊትር) ወደ 150 ኪሎ ካሎሪ፣ ቅባቱ የወጣለት ደግሞ ወደ 85 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ነገር ግን ጣዕሙ የሳሳበት ጠጪ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምርበት፣ ያተረፈው 65 ኪሎ ካሎሪ ተመልሶ ይገባል። ፍራፍሬ የተቀላቀለበት ቀላል እርጎም ቅባቱ ሲወጣ የጎደለውን ጣዕምና ውፍረት በስኳርና በስታርች ስለሚያካክሱለት፣ በዚሁ ፈተና ይወድቃል።

ጾምና ዘይት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በረቡዕና በዓርብ እንዲሁም 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ስለሚከለከሉ፣ የጾም ማዕድ ከፍስኩ የቀለለ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጾሙ ወጥ ቁሌት በዘይት የሚሠራ በመሆኑ፣ ዘይትም እንደ ቅቤ ሁሉ ስብ በመሆኑ፣ እጁ ያልተቆጠበ ወጥ ሠሪ ያለ ቅቤም ከባድ ምግብ ያወጣል። ጾሙ ስኳርን ስለማይከለክልም የጾመኛው ሻይ እንደ ወትሮው ይጣፍጣል።

በዘይቶች መካከል ያለው ልዩነት በስቡ ጠባይ ነው። በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል የኖረውና ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» የሚለው የፓልም ዘይት ከስቡ ግማሽ ያህሉ የልብ ሐኪሞች የሚያስጠነቅቁበት ዓይነት ሲሆን፣ የኑግ ዘይት ግን በአብዛኛው የማይረጋው ስብ ነው። ስለዚህ ከሚረጋው ወደ ኑጉ የተሻገረ ቤተሰብ ካሎሪ ባይቀንስም ለልቡ የሚበጀውን ይመርጣል።

ስኳርና ምትኮቹ

ስኳር ለባላገሩ እንግዳ በነበረበት ዘመን ጣፋጭነት የሚገኘው ከማር ነበር፤ ቡናም በብዙ ስፍራ በጨው ይጠጣ ነበር። በሆላንዳዊው ኩባንያ በኤች ቪ ኤ የተሠራው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር የከተሜው የዕለት ቀለብ ሆነ። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪፈጸም በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው 24 ግራም ያህል ይወስዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የተሻለ ነው ያለው ልክ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው በቀን 25 ግራም ስለሆነ፣ አንድ የቡና ሥርዓት ብቻ ልኩን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። በጠርሙስ የሚሸጥ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ደግሞ ብቻውን 32 ግራም ያህል ይይዛል።

ከምትኮቹ ሳካሪን እ.ኤ.አ. በ1879፣ አስፓርታም በ1965 ተገኙ፤ አስፓርታም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2015 ዓ.ም. ክብደት ለመቆጣጠር በእነዚህ መመካት እንደማይገባ መክሯል፤ ምክሩ ግን የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። በተከታዮቹ ወራት አስፓርታም «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ነገሮች ተራ ሲመደብ፣ የተፈቀደው የቀን ልክ በሰውነት ኪሎ 40 ሚሊ ግራም እንደ ነበረ ጸንቷል። ስኳርም ምትክም የሌለበትን ለስላሳ የሚሻ ሰው አምቦ ውኃ አለለት።

ሕግና ምርጫ

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በስኳርና በለስላሳ መጠጦች ላይ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያም ስኳርን፣ ቅባትንና ጨውን መመጠን ያዛል።

በምርጫው ውስጥ ዕድሜና ሥራ ይታያሉ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቅባቱ የወጣለት ወተት አይመከርም፤ ለእድገቱ ስቡና ከስቡ ጋር የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ያስፈልጉታልና። በቃሊቲ ፋብሪካ ሸክም ተሸክሞ የሚውል ሠራተኛ ሙሉውን ምግብ በልኩ ቢበላ በላቡ ያወጣዋል፤ ተቀምጦ የሚውል ጸሐፊ ግን ያንኑ ገበታ ቢያዘወትር ይወፍራል። የስኳር ሕመምተኛ ለስላሳውን ስኳር በሌለው «ዜሮ» መለወጡ ይረዳዋል፤ ሆኖም እንጀራም በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስለሆነ፣ በዜሮው ተማምኖ አንድ እንጀራ ቢደርብ ቅናሹን በራሱ እጅ ያፈርሰዋል።