ሚስዋኩን ከማቀበላችን በፊት



እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ፣ እዚህ ሰፈራችን ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለይቶ ነበር። ከታመመ ዘመድ አጠገብ መቀመጥ ምን ያህል ኒዕማ እንደሆነ ያኔ ገባን። ዛሬ ያ ክልከላ የለም፤ ታማሚያችን ቤታችን ተኝቷል። ግን አጠገቡ ተቀምጠን የሚፈልገውን እንጠይቀዋለን?

ወደ መዲና እንመለስ። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመሙ ሲጸናባቸው፣ በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት ሆነው ለመታመም ሌሎቹን ባለቤቶቻቸውን አስፈቀዱ። ተፈቀደላቸውና በሁለት ሰዎች ተደግፈው ሄዱ።

ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ በዚሁ ሕመም ጊዜ ቤተሰቡ በአፋቸው ጎን መድኃኒት አፈሰሰባቸው። እሳቸው በምልክት ከልክለው ነበር፤ ከበው የነበሩት ግን በሽተኛ መቼም መድኃኒት ይጠላል ብለው አለፉት። ሲነቁ ወቀሷቸው፤ በቦታው ካልነበሩት ከዐባስ (ረ.ዐ.) በቀር ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲወስድ አደረጉ። ልብ በሉ! እነዚያ ሰዎች የተሳሳቱት ከፍቅር የተነሳ ነው።

በመጨረሻዋ ሰዓት የዓኢሻ ወንድም ዐብዱረሕማን ሚስዋክ ይዞ ገባ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አተኩረው አዩት። ዓኢሻ ፍላጎታቸው ቢገባትም ልውሰድልዎት ወይ ብላ ጠየቀች፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠንክሮባቸው ስታይ ላለስልስልዎት ወይ ብላ ዳግም ጠየቀች፤ አሁንም ነቀነቁ። የቅርብ ሰው እንኳ ይጠይቃል፤ መልሱንም ይጠብቃል።

እኛስ? በብዙ ቤት ውጤቱን ልጆች ይሰሙና «ይደነግጣል» ብለው ከአባታቸው ይደብቃሉ። ያ አባት ግን የሚመልሰው አማና፣ የሚከፍለው ዕዳ፣ አፉ በለኝ የሚለው ጎረቤት አለው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) መካ ላይ ታመው ሞትን ሲፈሩ ስለ ወሲያቸው በግልጽ ጠየቁ፤ ከሲሶ እንዳያልፉ ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ስለ ሞት ማውራት ሞትን አላቀረበባቸውም።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ አእምሮው የተስተካከለን አዋቂ ለማከም ፈቃዱ እንደሚያስፈልግ ወስኗል። ነፍስን ማጥፋት ሐራም ነው፤ ታማሚው ቢለምንም አይፈቀድም። ሥቃይን ማስታገስ ግን ሌላ ነገር ነው። በከተማችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶችን ወደ ታማሚዎች ቤት እየላከ ይህንኑ ይሠራል። በሽታው ባይድንም ሕመሙን በሞርፊን ማብረድ ይቻላል።

ወንድምና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ የተኛ ካለ አጠገቡ ቁጭ በሉ። «አባባ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? የት ብናስተኛዎት ይሻላል? ማንን እንጥራልዎት?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

አላህ ታማሚዎቻችንን ዓፊያ ያድርግልን፤ ፍጻሜያችንንም ያሳምርልን። አሚን።