ሽፍታው ዳኛ ሲሆን፤ ጀግንነት፣ ወንጀልና ፍርድ በላስታ ታሪክና በድርሰት

በአማርኛ «ሸፈተ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንድ ወገን መንገድ ዘግቶ ነጋዴ የሚገፈውንና ከብት የሚነዳውን ወንበዴ ያመለክታል። በሌላ ወገን ደግሞ ፍርድ የተጓደለበት ወይም የአባቱ ግዛት የተወሰደበት ሰው «አልገዛም» ብሎ ዱር መግባቱን ይገልጻል። ስለዚህ የአገራችን ሰው «እገሌ ሸፈተ» ሲባል በሰማ ጊዜ ወዲያው አይፈርድም፤ አስቀድሞ «ምን በደሉት?» ብሎ ይጠይቃል። ወንጀለኛውን ከጀግናው የሚለየው ምንድን ነው ቢባል ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የተሸነፈው ሽፍታ ይባላል፣ ያሸነፈው ይነግሣል። ይህ መልስ እውነትነት ቢኖረውም ምሉእ አይደለም። የላስታ ታሪክ ሌላ መለኪያ ያሳየናል፤ ይኸውም ትናንት በዱር የነበረው ሰው ዛሬ በዳኝነት ወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ እርሱን ለመሰለው ሰው እንዴት እንደ ፈረደ መመርመር ነው።

ስለ ላስታ ከተጻፉት ድርሳናት ታላቁ ገድለ ላሊበላ ነው። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ከነበረበት ከ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና ከ13ኛው መጀመሪያ ብዙ ቆይቶ ነው። በተወለደ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቡት፣ ለንግሥ የታጨ መሆኑ ታውቆ፣ በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ፈራው፤ እኅቱም መርዝ አጠጣችው። አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ሞተ፤ ላሊበላም ስለ ዲያቆኑ አዝኖ ጽዋውን ጠጣ፣ ነገር ግን ዳነ። በመጨረሻ ሐርቤ በአምላክ ትእዛዝ ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀለት ይላል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሥራቸው ሐርቤ መንግሥቱን የለቀቀው በፈቃዱ ሳይሆን በኀይል ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ ገድሉ ያደረገው ነገር ግልጽ ነው። ከንጉሥ የሸሸውን መስፍን ሰይፉን አስጥሎ ተበዳይ አደረገው፤ በደለኛውን ራሱን ዳኛ አድርጎ በራሱ ላይ አስፈረደው፤ ጠቡንም በዕርቅ ጨረሰው። ድርሰቱ የነበረውን ብቻ ሳይሆን መሆን የሚገባውንም ፍርድ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ የመጣው መጽሐፍ ግን ሌላ ፍርድ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አስወግደው ነገሡ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ ግእዝ የተመለሰው ክብረ ነገሥት በመደምደሚያው የዛጔን ነገሥታት ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ አድርጎ ያነሣቸዋል፤ ይህም ማለት የሰው ዙፋን የያዙ ናቸው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከነዚሁ ነገሥታት መካከል ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን በቅድስና ታከብራለች። አንዱ መጽሐፍ ቀማኛ ያላቸውን ሌላው መጽሐፍ ጻድቃን ይላቸዋል። ሁለቱን ያስታረቀው የዋግ ሹመት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ከዛጔ ዘር የሚወለደው ዋግሹም በብር ወንበር እንዲቀመጥና ነጋሪት እንዲያስጎስም ተፈቅዶለታል። አሸናፊው የተሸናፊውን ክብር ጨርሶ አላጠፋም፤ በዚህም ምክንያት ክርክሩ በየትውልዱ ደም ሳያፈስ ብዙ ዘመን ሊቆይ ቻለ።

ላስታ ለማዕከላዊው መንግሥት ዘወትር ገር አልነበረችም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ የላስታ ገበሬዎች በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1632 በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ቢያሸንፉም የሞተው ሕዝብ ብዛት ልባቸውን ስለ ሰበረው በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እንግዲህ የዐመፁ ምክንያት ድል አደረገ ማለት ነው። መልክአ ክርስቶስ ግን በፋሲልም ዘመን ዐመፀኛ ሆነው ቀሩ። የሰውዬው ጉዳይ ጽድቅ ሆኖ ሳለ ሰውዬው ወንጀለኛ ሊባል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። የቋራው ካሣ ኀይሉ በሽፍትነት ጀምረው በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዜና መዋዕላቸውን የጻፉት ደብተራ ዘነብ፣ ካሣ በሽፍትነታቸው ጊዜ ከነጋዴ የወሰዱትን ገንዘብ ለገበሬው ማረሻ መግዣ እንደ ሰጡ ይተርካሉ። ከነገሡ በኋላ ግን ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ ባዘዙ ጊዜ የጢስባ ሰዎች መጥተው «የአባቶቻችን ሥራ ዘረፋ ነው» ብለው ይጽናልን እንዳሉ ይነገራል። ንጉሡ እርሻ እንዲይዙ መከሯቸው፤ እንቢ ባሉም ጊዜ አስፈጇቸው። ታሪኩ ቀልድ ቢመስልም ከባድ ጥያቄ ይዟል። በጉልበት የወጣ ሰው ጉልበትን በወንጀልነት የመቅጣት መብት ከየት ያገኛል? ቴዎድሮስ የሰጡት መልስ መንግሥት ከቆመ በኋላ መሣሪያ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን የሚል ነበር። ሐሳቡ ለአገር አንድነት የሚበጅ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ለዕርቅ በር አልተወም።

ይህ በር መዘጋቱ በላስታና በዋግ ታየ። ዋግሹም ገብረ መድኅን በንጉሡ ትእዛዝ በስቅላት ተገደሉ። በፍትሐ ነገሥትም ሆነ በልማድ የሟች ዘመድ ገዳዩን ተከራክሮ ደም የመመለስ ወይም ካሣ የመቀበል መብት ነበረው፤ ገዳዩ ንጉሥ ሲሆን ግን ክርክሩን የሚሰማ ችሎት አልነበረም። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ያን ጊዜ ሸፈቱ። ለቴዎድሮስ ዐመፀኛ ነበሩ፤ ለአገራቸው ሰው ግን የአባታቸውን ደም የሚጠይቁ ልጅ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በግዛታቸው ሲያልፍ አላገዱትም። ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። አቡነ ሰላማ ሞተው ስለ ነበር ግን በደንቡ ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም።

ሽፍታው እዚህም ዳኛ ሆነ። የእኅታቸው የድንቅነሽ ምርጫ ባል ለሆኑት ለተክለ ጊዮርጊስ የትግራዩ ካሣ ምርጫ ሳይገዙ ቀሩ፤ ካሣም ቀድሞ በቴዎድሮስ ላይ የሸፈቱ ነበሩ። ተክለ ጊዮርጊስ አማቻቸውን በሽማግሌ ከመያዝ ይልቅ በጦር ሊያስገብሩ ወደ ትግራይ ዘመቱ። በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ፣ ቁጥሩ ቢያንስም ከእንግሊዞች ያገኘውን መሣሪያ በያዘው በካሣ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ፤ በእስርም ሞቱ። ካሣ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የአባቱ ደም ችሎት ያጣበት ሰው ለሌላውም ችሎት አልከፈተም።

ዘመናዊው ድርሰታችን ከነዚህ ሰዎች መካከል አንዱን መርጦ ከፍ አደረገ። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ሁሉም የቋራውን ሰው በመካከል ያቆማሉ። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ አንባቢ ከዝቅታ የተነሣና አንድ አገር ያለመ ሰው ይፈልግ ነበር፤ የቴዎድሮስም አሟሟት ለተውኔት የተፈጠረ ይመስላል። ድርሰት ግን አንዱን ጀግና ሲያነሣ የተቃወሙትን በከዳተኛነት አንድ ላይ የመጠቅለል ጠባይ አለው። ገብረ መድኅንና ልጃቸው የራሳቸው ደራሲ ሳያገኙ ቀሩ።

እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆብስባውም እ.ኤ.አ. በ1959 የድኻው ወገን የሚሆነውን ሽፍታ በብዙ አገር እንደሚገኝ ዐይነት አድርጎ ገልጾ ነበር። የኢትዮጵያን ጉዳይ የመረመረው ዶናልድ ክሩሚ ግን በ1986 እ.ኤ.አ. የኛ አገር ሽፍትነት በብዛት የመሳፍንት የሥልጣን መንገድ እንደ ነበረ አሳይቷል። ይህ ለላስታም ይስማማል። መስፍኑ ሸፈተም ነገሠም፣ ጦሩን የሚቀልበው ያው ገበሬ ነበር፤ የእርሱም አቤቱታ በዜና መዋዕልም በልብ ወለድም ስፍራው ጠባብ ነው።

እንግዲህ ሽፍታን ለመመዘን ድል ማድረጉ ብቻ አይበቃም፤ ደራሲ ማግኘቱም አይበቃም። ምን ተበደለ? ማንን በደለ? ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜስ ለሌላው ተበዳይ ችሎት ከፈተ ወይስ ዘጋ? ገድለ ላሊበላ ሐርቤን በራሱ ላይ ያስፈረደው፣ የዋግ ሹመትም የተሸነፈውን ወገን በወንበሩ ያስቀመጠው ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ በመመለስ ነው። ከጠመንጃው ዘመን ነገሥታት አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ አልፈዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም መልሱን የሰጠው ከእነርሱ ቀጥሎ የሸፈተው ሰው ነው።