ቨርችዋል ማሽን ከኔትወርክ ጋር አልገናኝ ሲል ፍተሻው ከየት ይጀምራል?

ቨርችዋል ማሽን በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር አማካኝነት የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ሆኖ ለኔትወርክ ሙያ ብቃት ምዘና የሚዘጋጅ ወጣት ሰርቨር ገዝቶ መለማመድ ይከብደዋል፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ቨርችዋል ማሽን ማሠራት ግን ይችላል። ልምምዱን በብዛት የሚያሰናክለው የግንኙነት መቋረጥ ነው።

ፍተሻው የሚጀምረው ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ነው። እርሱ ኢንተርኔት ከሌለው በውስጡ ያለው ማሽን ከየት ያመጣል? የሞባይል ዳታ ጥቅል ማለቁን ሳያስተውሉ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ከንቱ ድካም ነው፤ ዳግም የሚወርደው ፋይልም ሌላ ጥቅል ይበላል።

አስተናጋጁ ደህና ከሆነ የማሽኑ አይፒ አድራሻ ይታያል። በቨርችዋልቦክስ ናት በተባለው የግንኙነት ዓይነት፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ አድራሻው 10.0.2.15 ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማሽኑ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው። ያኔ በቅንብሩ ውስጥ «ኬብል ተሰክቷል» የሚለው ምልክት መኖሩ ይረጋገጥ፤ ገመዱ ምናባዊ ቢሆንም ሲነቀል እንደ እውነተኛው ያቋርጣል።

ብሪጅድ የተባለው ዓይነት ማሽኑን በቀጥታ ወደ ቢሮው ኔትወርክ ያወጣዋል። በገመድ በሚገባ ይሠራል፤ ዋይፋይ ግን ከአንድ ካርድ የሁለት ማክ አድራሻ መረጃ መቀበልን ብዙ ጊዜ ስለማይፈቅድ ያስቸግራል። ኢንተርኔቱ ከስልክ የሚጋራ ከሆነ ናት ይመረጣል። ማሽኖቹን እርስ በርስ ለማገናኘት ብቻ ደግሞ ውስጣዊ ኔትወርክ ይበቃል፤ ዳታ አይበላም፣ አድራሻውን ግን ተማሪው ራሱ መስጠት አለበት።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ድረ ገጽ ካልተከፈተ 8.8.8.8ን ፒንግ ማድረግ ይረዳል። መልስ ከመጣ ችግሩ ስምን ወደ አድራሻ በሚተረጉመው ዲኤንኤስ ላይ ሊሆን ይችላል።

«ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን ቀኑ ይታይ። የማዘርቦርዱ ባትሪ የደከመበት ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚያስገባም አይጠፋም። 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ማሽን የድረ ገጾቹን የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ገና እንዳልደረሰ ስለሚቆጥር፣ ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ገጹ አይከፈትም። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የአስተናጋጁ ቀን ነው፣ ያውም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፤ ማሽኑ ሲነሣ ሰዓቱን የሚወስደው ከእርሱ ነውና።