ከጥንቸል ሆድ እስከ ውቅያኖስ ፓተንት

የባሕር በር ነገር ሲነሳ የምናወራው ስለ ወደብ፣ ስለ መርከብና ስለ ኮንቴይነር ነው። ዛሬ ስለ ሌላ የባሕር ሀብት ላውጋችሁ። በዓይን አይታይም፣ ክሬን አያነሳውም፣ ፓተንት ግን ይወጣበታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ሳይሆን ከጥንቸል ሆድ ነው። በ1840ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ክሎድ በርናርድ የተባለ ተመራማሪ ቅባት የበሉ ጥንቸሎችን ሆድ ከፍቶ ይመረምር ነበር። የጥንቸል አፈጣጠር ለዚህ የተመቸ ነው፤ የሐሞቷ ቱቦ አንጀቷ ላይ ከላይ ሲገባ፣ የቆሽቷ ቱቦ ግን ብዙ ዝቅ ብሎ ይገባል። ከአንጀት የሚነሱት ቀጫጭን ሥሮች በቅባት ነጭ የሚሆኑት ከቆሽቱ ቱቦ በታች መሆኑን በርናርድ አየ። ስብ በመፍጨት ዋናው ሠራተኛ የቆሽት ፈሳሽ ነው አለ። ያንን ሠራተኛ ዛሬ ሊፔዝ እንለዋለን።

በ1901 ሆላንዳዊው ክርስቲያን አይክማን፣ ኋላ በቫይታሚን ነገር ኖቤል የተሸለመው፣ ሊፔዝ ባክቴሪያም ዘንድ እንዳለ ጻፈ። ባክቴሪያ አፍም ሆድም የላትም። ሊፔዟን ወደ ውጭ ትረጫለች፤ ስቡ ደጅ ላይ ይቆራረጥና ፍርፋሪውን ወደ ውስጥ ትስባለች።

እዚህ ድረስ የታወቀው ሥራው ነው፤ ሠራተኛውን ለይቶ የያዘው አልነበረም። ለይቶ መያዝ ማለት ቅቤ እንደማንጠር ነው፤ ሌላው ሁሉ ተወግዶ አንድ ነገር ብቻ እስኪቀር። በዚህ መንገድ ፈር የቀደደው አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ነው። በ17 ዓመቱ በአደን አደጋ ግራ እጁን አጣ፤ ይባስ ብሎ ግራኝ ነበር። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከባቄላ ዘር ጋር ታግሎ በ1926 ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም እንደ ክሪስታል አነጠረ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው ሲል ታላቁ ጀርመናዊ ኬሚስት ሪቻርድ ዊልስቴተር አልተቀበለውም። ሰምነር ኖቤል የተሸለመው በ1946 ነው። ሃያ ዓመት!

የባሕሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ የባሕር ባክቴሪያ ያለ ጨው አያድግም። ክሎድ ዞቤል በካሊፎርኒያው ስክሪፕስ ተቋም በ1941 ያወጣው የባሕር ባክቴሪያ ማሳደጊያ ቀመር፣ 2216 የሚባለው፣ እስከ ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ አለ። በ1990 ደግሞ የቤልጂየሙ ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ የባሕር ውሃ ውስጥ ሊፔዝ የሚረጩ ባክቴሪያዎች አገኙ። ሊፔዙን በብዛት የሚያመርቱት እንደ መኖሪያቸው ሲቀዘቅዝባቸው ነበር።

የማንጠሩ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ባክቴሪያው ስብ ባለበት ሳህን ላይ ይዘራል፤ ዙሪያው ከጠራ ሊፔዝ አለ ማለት ነው። ከዚያ በፈሳሽ ይራባል፣ በሴንትሪፊውጅ ተሽከርክሮ ባክቴሪያው ይለያል፣ በቀረው ፈሳሽ ላይ አሞኒየም ሰልፌት ተጨምሮ ፕሮቲኑ ይዘቅጣል፣ በኮለን ውስጥ ይጣራል። በየደረጃው የሚባክን አለ። በመጨረሻ ጄል ላይ አንዲት መስመር ብቻ ስትታይ እሰይ ይባላል። በስንት ዲግሪ፣ በስንት ጨው፣ በምን ያህል አሲድ እንደሚሠራ ይለካል፤ ይህ መታወቂያው ነው።

ፋብሪካ የሚፈልገው ይኼን መታወቂያ ነው። የዴንማርኩ ኖቮ በ1988 ከሻጋታ የተገኘ ሊፔዝ ለልብስ ማጠቢያ ዱቄት አቀረበ። ውሃ ሳይሞቅ የወጥ ቅባት የሚያስለቅቅ ሲፈለግ ዓይን ወደ ቀዝቃዛው ባሕር ቢዞር አይገርምም።

የእኔ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ውሃው የማንም አልነበረም፤ ተነጥሮ ሲጻፍ ግን ባለቤት ያገኛል። ጤፋችን ላይ ሆላንድ ውስጥ ፓተንት ሲወጣ ቢያንስ የሚጮህ አገር ነበር፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ለመሃል ውቅያኖስ ባክቴሪያ ማን ይጮህላታል? በዚያው 2018 ሳይንስ አድቫንስስ ላይ የወጣ ጥናት ከ862 የባሕር ፍጥረታት የመጡ፣ በፓተንት ውስጥ የተመዘገቡ 12,998 የዘረ መል ቅደም ተከተሎች ቆጠረ። ሊፔዝ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ዓይነት ነው። 47 በመቶውን ያስመዘገበው አንድ ኩባንያ ነው፤ የጀርመኑ ባስፍ።

በ2023 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የዓለም አቀፍ ባሕር ስምምነት ከዚህ ሀብት የሚገኘው ጥቅም ይካፈል ይላል። የባሕር በር የሌላቸው ታዳጊ አገሮችን በስም ጠርቶ በሥልጠናና በቴክኖሎጂ እንዲታገዙ ያዛል፤ እኛም እዚያ ውስጥ ነን። ግን አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ስምምነቱ ከመጽናቱ በፊት የተጨለፈውን በተመለከተ አንድ አገር በጽሑፍ ራሱን ነጻ ማድረግ ይችላል። ሠላሳና አርባ ዓመት በፍሪጅ የተቀመጠው የመሃል ውቅያኖስ ባክቴሪያ ሊያመልጥ የሚችለው በዚያች ቀዳዳ ነው።