ምስሉ አለ፤ ያጣው አስተርጓሚ ነው

ከጎረቤላ ሆኖ ወደ አንኮበር ኮረብታ ቀና ያለ ሰው፣ በዓይነ ሕሊናው የስንቱ አገር መልእክተኛ ሲወጣና ሲወርድ ይታየዋል። ከእነዚህ አንዱ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ ነበር። የሁለቱ መንግሥታት ውል የተፈረመበትን ዓመት እንግሊዞቹ 1841 ይሉታል፤ በእኛ አቆጣጠር 1834 ነው። ቀኑ አንድ፣ ቁጥሩ ሁለት። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በአስተርጓሚነት መሐል ባይገባ ኖሮ፣ ንጉሡና እንግዳው መግባባት ይቸግራቸው ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ አሮጌ ኮምፒዩተር ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ የሚገጥመው ችግር ይኸው የቁጥር ልዩነት ነው።

በእነ ሲንክሌር ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ፣ የቤት ኮምፒዩተር የራሱ ስክሪን አልነበረውም፤ በአንቴና ገመድ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገናኝ ነበር። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባለ ቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነበር። በዚህ ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 625 መሥመሮች አሉት። መሥመሮቹ በሁለት ግማሽ ተከፍለው እየተፈራረቁ በሰከንድ 50 ጊዜ ይላካሉ። ኮምፒዩተሮቹ ግን 312 መሥመሮችን ብቻ በዚያው በአንድ ቦታ ላይ እየደጋገሙ ይልኩ ነበር።

ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን በዚህ አልተቸገረም። ጨረሩ የመጣለትን ምልክት እየተከተለ ይሥላል እንጂ አይጠይቅም። አዲሱ ጠፍጣፋ ስክሪን ግን በቁጥር የሚሠራ ነው። የመጣለትን ግማሽ ምስል ይቀበልና ያልተላከውን ሌላውን ግማሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ይሰነጣጠቃል፣ አንዳንዴም «ሲግናል የለም» የሚል መልስ ብቻ ይመጣል። በዚህም ላይ በአውሮፓ የተሸጠው ኮሞዶር 64 በሰከንድ 50 ሳይሆን 50.12 ምስል ገደማ ይልካል። በትክክል 50 ብቻ የሚቆጥር ስክሪን በየ8 ሰከንዱ አንድ ምስል ስለሚጥል፣ እንቅስቃሴው ይደናቀፋል።

መፍትሔው አስተርጓሚ ነው። መጀመሪያ የአንቴናውን ገመድ ትቶ፣ ብርሃንና ቀለም ሳይደባለቁ ከሚወጡበት መሰኪያ ምልክቱን መውሰድ ይበጃል። ቀጥሎ ያንን ምልክት የሚቀበል መሥመር አባዢ መሣሪያ እያንዳንዱን መሥመር ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። በሰከንድ 15,625 የነበረው መሥመር 31,250 ይሆናል፤ ምስሉም ይረጋል።

አንባቢ «ይህ የባዕድ አገር መጫወቻ ጉዳይ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ይጠቅማል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት፣ አማርኛን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የተሠሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደሉ የራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ጽሑፉን ፊደል አድርጎ የሚያሳየው የተጻፈበት ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙም የሚሠራው በዘመኑ ማሽን ነው። የዚያ ዘመን ማሽኖች ደግሞ ለስክሪን የሚልኩት ምልክት ከዛሬው ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም። የቀድሞው የአይቢኤም የቀለም ካርድ በሰከንድ 15,700 መሥመር ገደማ፣ የሄርኩለስ ጥቁርና ነጭ ካርድ 18,400 ገደማ ነበር የሚልኩት።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ አቧራ የለበሰ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን፣ «ሞቷል» ብሎ ለመጣል መቸኮል አይገባም። ደብዳቤ፣ የልደት መዝገብ፣ ሳይታተም የቀረ ድርሰት በውስጡ ሊኖር ይችላል። ጽሑፍ የሚጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም፤ የሚያነበው ሲታጣም ይጠፋል። በአንኮበር እንግዳው የመጣበትን ቋንቋ ባለማወቅ ከደጅ አልተመለሰም፤ አስተርጓሚ ተፈለገለት። ለገዛ ጽሑፋችንም ይህንኑ ብናደርግለት አይበዛበትም።