ትንፋሽና ቁልፍ፦ ዋሽንትና ኪቦርድ በቤተ አምሐራ ምድር

በመካነ ሰላም ዙሪያ ወይም በሳይንት ደጋ ያለች አንዲት አጥቢያ ኪቦርድ በገዛች ማግስት ዋሽንት የሚነፋው ወጣት ከመዘምራኑ መካከል ሲጠፋ አይተው ይሆናል። ያባረረው የለም። ዋሽንቱ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ስላለ ብቻ ዝም አለ። «ዋሽንቱ ተበላሽቷል» እንል ይሆናል። ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን ግን ታሪክን እንጠይቅ።

ቁልፍ ያለው መሣሪያ ለዚህ አገር አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1520 እ.ኤ.አ. በሮድሪጎ ደ ሊማ የተመራው የፖርቱጋል መልእክት ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጣ ካቀረባቸው ስጦታዎች አንዱ ኦርጋን ነበር። ጉዞውን የጻፈው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። መልእክተኞቹ በአንጎትና በአምሐራ በኩል አልፈዋል። በ1526 ወደ አገራቸው ለመመለስ ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በ1531 ደግሞ የቤተ አምሐራ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት፣ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም፣ በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠሉ። ስሙ ግን ከመሣሪያው ቀድሞ ነበር፦ በቦረና የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ ከመቶ ዓመት በፊት የውዳሴ ድርሰቱን «አርጋኖን» ብሎታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው።

ዋሽንት በእረኛው እጅ ቀረ። በ1770 ገደማ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ አገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ ጽፎለት ነበር፤ በርኒም በ1776 በወጣው መጽሐፉ አሳተመው። ብሩስ ስለ አገራችን ፍሉት ድምፅ ሲናገር ትንሽ የሚነዝር ነገር እንዳለበት አስተውሏል። ይህ ግን ጉድለት እንዳልሆነ፣ ሰዎቹ ሆን ብለው እንደሚፈልጉት ጨምሮ ገልጿል። እንግዳ ሆኖ ይህን መረዳቱ ያስመሰግነዋል።

በእነዚያው ዘመናት በአውሮፓ ፍሉትና ሃርፕሲኮርድ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። ሃርፕሲኮርድ ቁልፍ ሲነካ ክሩ እንደ ክራር የሚቆነጠር መሣሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ለተጫዋቹ የሚሰጠው የታችኛው ዜማና ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ፤ ቀሪውን ፍሉቱን እየሰማ በራሱ ይሞላል። በላይፕዚግ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናትን በመዝሙር ያገለገለው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በአንዳንድ ሶናታዎቹ ለቀኝ እጅ ከፍሉቱ ጋር እኩል የሚነጋገር ዜማ ጽፏል። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የፕሩሲያው ንጉሥ የዳግማዊ ፍሬድሪክ መምህር ዮሐን ዮአኪም ኳንትዝ ነው።

ኳንትዝ በ1752 ባሳተመው መጽሐፍ ለአጃቢዎችም ምዕራፍ ሰጥቷል። ችግሩ የእኛው ነበር። የእርሱ ፍሉት በጣም የተቀራረቡ ሁለት ድምፆችን ይለያል፤ በሃርፕሲኮርድ ግን ሁለቱም አንድ ቁልፍ ናቸው። ታዲያ ማን ይታረም? ኳንትዝ ፍሉት ነፊውን «ድምፅህን አስተካክል» አላለውም። የማይገጥመውን ድምፅ ባለ ቁልፉ ወደ ታች አውርዶ እንዲደብቀው ወይም ጨርሶ እንዲተወው መከረ። ንጉሡ ራሱ ፍሉት ነፊ ስለነበር ምክሩ ቀላል ነበር የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ ምክሩ ግን ከጆሮ የተነሣ ነው።

ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው፤ ነፊዎች ለየቅኝቱ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይይዛሉ። አምባሰልና ባቲ፣ ሁለቱ የወሎ ስሞች፣ የቅኝት ስሞችም ናቸው። ሸምበቆ አንዴ ከተቆረጠ አይረዝምም። የዛሬው ኪቦርድ ግን ድምፁን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ብዙ ጊዜ ማንም አይነካውም። እሑድ ከመዘምራኑ በፊት ወጣቱን ጠርተው አንድ ድምፅ ብቻ እንዲነፋ ይጠይቁት፤ ኪቦርዱንም ወደዚያ ድምፅ ያምጡት። ባለ ኪቦርዱ በመጀመሪያው መዝሙር በግራ እጁ ብቻ ቢጫወት ይበቃል።